ከመዳፍ የተረፈ ስልክ

እኛ የዚህ ገጽ ጸሐፊዎች በስልክ ቀፎ መጠን ላይ ሁለት ቦታ ከተከፈልን ሰንበትበት ብለናል። ግማሾቻችን «ስልክ ከተገዛ ሰፊ ስክሪን ያለው ነው፤ ሌላው መጫወቻ ነው» እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ «በአንድ እጅ የማይያዝ ነገር ስልክ ሳይሆን ትሪ ነው» ባዮች ነን። ክርክሩ አልቋጭ ሲል በአንድ ነገር ተስማማን፤ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ለመሆኑ ስልክ እንዲህ የገዘፈው መቼ ነው? በማንስ እጅ ተለክቶ? (ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ትልቅ ስልክ የዛሬ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በ1983 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የእጅ ስልክ፣ የሞቶሮላው ዳይናታክ 8000ኤክስ፣ ወደ 800 ግራም ይመዝን ነበር። ዋጋው 3,995 ዶላር፣ አንዴ ቻርጅ ተደርጎ የሚያስወራው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ! ከዚያ በኋላ የፋብሪካዎቹ ፉክክር ሁሉ ማሳነስ ሆነ። በ1996 የወጣው ተጣጣፊው ስታርታክ 88 ግራም ነበር። ያኔ ትንሽ ስልክ መያዝ የዘመናዊነት ምልክት ነበር።

ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1999፣ በእኛ በ1991 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1999 ደግሞ የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ የሆነው ዩኒኮድ፣ በ3.0 እትሙ፣ የግዕዝን ፊደል አካተተ። ሁለቱ መንትዮች ግን ቶሎ አልተገናኙም። ስንቱን ያገለገለው ኖኪያ 3310 ስክሪኑ 84 በ48 ነጥብ ብቻ ነበር። የእኛ ፊደል ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው። «ቡ» እና «ቢ»ን የሚለያቸው አንዲት ትንሽ ጭረት ከእግሩ መሐል ወይም ከግርጌው መቀጠሏ ነው። በዚያ ስክሪን ላይ ይህችን ጭረት ፈልጎ ማግኘት ሌላ ሥራ ነበር። ስለዚህ አማርኛችንን በላቲን ፊደል እየጻፍን፣ የጻፍነውንም እየገመትን አነበብን።

ወደ ዋናው ታሪክ እንመለስ። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን 3.5 ኢንች ስክሪን ነበረው። የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ በሐምሌ 2010 በሰጠው ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ በትልልቅ ስልኮች ተሳልቋል፤ በእጅ ስለማይጨበጡ ማንም አይገዛቸውም አለ። ለጊዜው እውነቱን መሰለ። በዚያው ዓመት የወጣው ባለ 5 ኢንቹ ዴል ስትሪክ በዓመቱ ከገበያ ወጣ።

ነገሩን የገለበጠው ሳምሰንግ ነው። በመስከረም 2011 በርሊን ላይ 5.3 ኢንች የሆነውን፣ ብዕር የተሰካበትን ጋላክሲ ኖት አስተዋወቀ። ፎን ነው ታብሌት? ግራ የገባቸው ሁለቱን አዳቅለው «ፋብሌት» አሉት። ተሳቀበት፤ ወደ ጆሮ ሲጠጋ ፊት ይሸፍናል ተባለ። ሳቁ ሳያልቅ ግን፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ሳምሰንግ 10 ሚሊዮን ኖት መሸጡን አስታወቀ። በመስከረም 2014 አፕል ራሱ 5.5 ኢንቹን አይፎን 6 ፕላስ ይዞ መጣ። እሱና ታናሹ አይፎን 6 በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብቻ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ። ጆብስ ይህን አላየም፤ በጥቅምት 2011 አርፏል።

ታዲያ ሰው ለምን ወደደው? ምክንያቱ ቅንጦት ብቻ አይደለም። ጆብስ ሲሳለቅ ስልክ የሚመዘነው በላፕቶፕ አጠገብ ሆኖ ነበር። ለብዙዎቻችን ግን ስልኩ ራሱ ላፕቶፑ ነው፤ ቴሌቪዥኑም፣ መጽሐፉም፣ ከ2021 ወዲህ በቴሌብር ምክንያት የገንዘብ ቦርሳውም እሱ ነው። ሌላ ስክሪን ለሌለው ሰው የስክሪን ስፋት የሥራ ጉዳይ ነው። በቴሌግራም የመጣን ፒዲኤፍ በ3.5 ኢንች ያነበበ ያውቀዋል። የመጀመሪያው አይፎን ስክሪን ከዛሬው ባለ 6.7 ኢንች ጋር በስፋት ሲተያይ ሲሶው ገደማ ነው። ፊደሉን አጉልተው የልጆቻቸውን መልእክት ያለ ሰው እርዳታ የሚያነቡ እናቶችንም አትርሱ። «ቡ» እና «ቢ» የታረቁት ስክሪኑ ሲሰፋና ነጥቦቹ ሲበዙ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ባትሪ ነው። ሰፊ ቀፎ ሰፊ ባትሪ ይችላል። በ2011 የወጣው ጋላክሲ ኤስ 2 ባትሪው 1,650 ሚሊአምፒር ሰዓት ሲሆን፣ የዚያው ዓመት ኖት ግን 2,500 ነበረው። መብራት እልም በሚልበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርግጥ ሰፊው ስክሪን ራሱም ባትሪውን ይበላል፤ ትርፉ ሙሉ ለሙሉ ኪስ አይገባም።

ኪስ ካነሳን አይቀር… ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያው ነው። የመጀመሪያው አይፎን 135 ግራም ነበር፤ በ2022 የወጣው አይፎን 14 ፕሮ ማክስ 240 ግራም ነው። ከኪስ አፈትልኮ ይወድቃል፤ ሲወድቅ የሚሰነጠቀው መስታወት ሰፊ ነው፤ ስክሪን ማስቀየሪያው የዋናውን ስልክ ዋጋ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። የሴት ልጅ ሱሪ ኪስ ደግሞ ለጌጥ የተሰፋ ይመስል ግማሹን እንኳ አይውጥም።

ስቲቨን ሁበር የተባለ የዲዛይን ባለሙያ በ2013 ባወጣው ምልከታ፣ ስክሪናቸውን እየነካኩ ከታዩት ሰዎች 49 በመቶው ስልካቸውን የያዙት በአንድ እጅ ነበር። ሌላው እጃችን የታክሲ ብረት፣ ዘንቢል ወይም ልጅ ይዟል። አውራ ጣታችን ግን ከስልኩ ጋር አላደገም። አፕል በ6 ፕላስ ላይ ምስሉን ወደ ታች ጎትቶ የሚያወርድ ዘዴ መጨመሩ ችግሩን እሱም እንዳወቀው ያሳያል።

የማን እጅ ተለክቶ ነው ያልነው ለዚህ ነው። ቱርካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ዘይነፕ ቱፌክቺ በ2013 የጻፉት ጽሑፍ አለ። በኢስታንቡሉ የጌዚ ተቃውሞ ወቅት የአስለቃሽ ጭስ አጠቃቀምን በፎቶ ለመመዝገብ ሲሞክሩ፣ ስልካቸው ለእጃቸው ስለሰፋ በአንድ እጅ ማንሳት እንዳልቻሉ ይናገራሉ። ያውም ያ ስልክ ከዛሬዎቹ ያንስ ነበር። ጋዜጠኝነት ለተማርን ሰዎች ይህ ታሪክ ጨዋታ አይደለም። አንዳንድ ማስረጃ የሚገኘው አንዴ ብቻ ነው፤ «ቆይ ሁለተኛውን እጄን ላምጣ» የሚባልበት ጊዜ የለም።

የፉክክሩን ዳርቻ ያየነው በ2016 ነው። ጋላክሲ ኖት 7 በነሐሴ ወጣ፤ ባትሪው እሳት ማስነሳት ሲጀምር ተሰበሰበ፤ በተለወጠው ባትሪም እሳቱ ሲደገም በጥቅምት ምርቱ ጨርሶ ቆመ። የኩባንያው ምርመራ በአንደኛው ባትሪ ማዕዘን ላይ በቂ ቦታ አለመኖሩን፣ በሌላው ደግሞ የብየዳ ጉድለት መኖሩን አሳየ። በቀጭን አካል ብዙ ኃይል ማጨቅ ለስህተት ቦታ አይተውም።

ከዚያ በኋላ ትልቁ መደበኛ ሆነ፤ ትንሹ ተገፋ። አፕል በ2020 እና በ2021 ባለ 5.4 ኢንች «ሚኒ» አወጣ፤ በ2022 ግን በቦታው 6.7 ኢንች ተተካ። ኖት ራሱም ስሙ ቀረ፤ ብዕሩን ኤስ 22 አልትራ ወረሰው። ያኔ ጉድ የተባለለት 5.3 ኢንች ዛሬ ሱቅ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ትንሽ ነው ትባላላችሁ። ሳምሰንግ በ2019 የሚታጠፍ 7.3 ኢንች ስልክ በ1,980 ዶላር አመጣ። ሰፊ ስክሪን ለሚፈልግ ትንሽ ኪስ መፍትሔ ነው፤ ዋጋው ግን የእኛን ኪስ አያውቀውም።

እንግዲህ ፍርዳችን ይኸው። ትልቅ ስክሪን ጠላታችን አይደለም፤ ፊደላችንን አንብቦልናል፣ ኮምፒዩተር ለሌለው ኮምፒዩተር ሆኖለታል። ቅር ያለን ምርጫው መጥፋቱ ነው። ትንሽ እጅ ያላት ሴትና ትልቅ እጅ ያለው ወንድ አንድ ቁጥር ጫማ እንዲያደርጉ ማንም አይፈርድባቸውም፤ ስልክ ላይ ግን ተፈርዶባቸዋል።

ሱቅ ስትሄዱ ደግሞ በኢንች ብቻ አትታለሉ። ኢንች የሚለካው ከማዕዘን ማዕዘን ነው፤ ስልኩ እየረዘመ ሲሄድ ቁጥሩ ያድጋል፣ ወርዱ ግን ላያድግ ይችላል። የ2011ዱ ኖት በ5.3 ኢንቹ ወርዱ 83 ሚሊሜትር ነበር፤ የ2024ቱ ኤስ 24 አልትራ በ6.8 ኢንች 79 ነው። እጅ የሚጨብጠው ወርድን ነው። ስለዚህ ወርዱንና ግራሙን ጠይቁ፤ ያዙት፤ አውራ ጣታችሁን ወደ ላይኛው ጥግ ላኩት። ካልደረሰ ሻጩ የፈለገውን ቢል ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ቸር እንሰንብት።