አደጋ የማይደርስበት አገር

ጋዜጣ እጃችን ሲገባ ብዙዎቻችን ከርዕሰ አንቀጹ በፊት የምንፈልገው የወንጀልና የአደጋ ወሬውን ነው። ማን ተዘረፈ? የትኛው አውቶቡስ ተገለበጠ? እንዲህ ያለ ወሬ የሌለበት ጋዜጣ ቢያጋጥመንስ? «ታድለው! ሰላም አገር ነው» እንል ይሆናል። የሶቪየት ኅብረት ጋዜጦች ለአሥርት ዓመታት እንደዚያ ይመስሉ ነበር።

ወንጀል የካፒታሊዝም በሽታ ነው፣ በሶሻሊዝም ይጠፋል ተብሎ ተሰብኳል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1922 የተቋቋመው ግላቭሊት የተባለው የሳንሱር መሥሪያ ቤት የወንጀል አኃዝና በአደጋ የሞቱ ሰዎች ቁጥር እንዳይታተም ይከለክል ነበር። የወንጀል ወሬ ከወጣም ለትምህርት ተመርጦ ነው።

ኦክቶበር 20 ቀን 1982 ሞስኮ ውስጥ በሌኒን ስታዲየም ስፓርታክ ከኔዘርላንዱ ሃርለም ጋር ተጫወተ። ተመልካቹ ሲወጣ በረዶ በያዘው ደረጃ ላይ ሰው በሰው ላይ ወደቀ፤ 66 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ እንደ እኛ ኳስ ሊያዩ የወጡ ልጆች ነበሩ። በማግስቱ «ቬቸርኒያያ ሞስክቫ» ጋዜጣ ጥቂት መስመር ጻፈ፦ አደጋ ደርሷል፣ የተጎዱ አሉ፣ ምርመራ ተጀምሯል። ስንት ሰው ሞተ? ዝም!

«ሶቬትስኪ ስፖርት» ጉዳዩን የዘረገፈው በ1989 ነው፤ የሟቾቹንም ቁጥር 340 ገደማ አደረሰው። ዐቃቤ ሕግ 66 ናቸው ቢልም ብዙ ሰው አላመነም። ሰባት ዓመት ዝም ያለን አፍ ማን ይመነው?

ከዚህ የከፋም አለ። ሮስቶቭ አካባቢ አንድሬይ ቺካቲሎ ከ1978 እስከ 1990 ሴቶችንና ሕፃናትን ሲገድል፣ ጋዜጦቹ ለዓመታት «ልጆቻችሁን ጠብቁ» አላሉም። በመጀመሪያው ግድያ ሌላ ሰው ተወንጅሎ በ1983 ተረሽኗል። ቺካቲሎ በ52 ግድያዎች የተፈረደበት በ1992 ነው። የተደበቀው ወሬ ለወላጆቹ ማስጠንቀቂያ ይሆን ነበር።

«ኤጭ! ዛሬም የመኪና አደጋ?» ብለን ጋዜጣውን የምንወረውርበት ቀን ብዙ ነው። እኛን የሚያስፈራን ግን ያ ዓምድ ባዶ ሆኖ የሚወጣበት ቀን ነው።