የአንዲት እናት ልጆች፤ ስለ ካሊፎርኒያ ንጉሥ እባብና ስለ አሳዳጊዎቹ

በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር በታች በጦር የተወጋውን ዘንዶ እየተመለከተ ላደገ ሰው፣ እባብን በቤቱ አኑሮ፣ ማደሪያውን አሙቆ፣ ምግቡን በቀን ለይቶ የሚሰጥና እንቁላሉን እስኪፈለፈል ድረስ በትጋት የሚጠብቅ ሰው መኖሩ እንግዳ ነገር ሆኖ ቢታየው የሚያስወቅሰው አይደለም። ነገር ግን በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ይህ ልማድ ለሥነ ፍጥረት ዕውቀት ያስገኘው ጥቅምም፣ ኋላ በሩቅ ደሴት ላይ ያስከተለው ጥፋትም እውነት ስለሆኑ፣ ታሪኩ ከመነሻው ሊነገር ይገባዋል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ንጉሥ እባብ የሚባለው መርዝ የሌለው፣ የያዘውን ተጠምጥሞ ጨምቆ የሚገድል፣ የካሊፎርኒያው ዝርያ ብዙውን ጊዜ አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም ፍጥረት ነው። የንግሥናውን ስም ያገኘው ሌሎችን እባቦች፣ ጅራቱን እንደ ጸናጽል የሚያንሿሿውን እጅግ መርዛም እባብ ጭምር፣ ገድሎ የሚውጥ በመሆኑ ነው። ደሙ ያን መርዝ የመቋቋም ኃይል ስላለው ቢነደፍም እምብዛም አይጎዳም፤ ያም መርዛም እባብ የንጉሡ ሽታ የደረሰው እንደሆነ፣ እንደ ልማዱ ለመንደፍ ከመዘጋጀት ይልቅ ራሱን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ወገቡን እንደ ቅስት ወደ ላይ በማንሣት፣ በዚያው እየመታ ሊያርቀው ይሞክራል።

የካሊፎርኒያው ንጉሥ እባብ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ ጥቁር ወይም ቡናማ ገላውን ነጭ ቀለበት የከበበው፣ ሁለተኛው ከአንገቱ እስከ ጅራቱ በጀርባው ላይ አንድ ረጅም መስመር የተዘረጋበት ነው። በ1820ዎቹ ማብቂያ በመርከብ ወደ ካሊፎርኒያ የሄደው ሐኪም ፓውሎ ኤሚልዮ ቦታ ይዟቸው ከተመለሰው አራዊት መካከል ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌንቪል በ1835 ባለ መስመሩን በካሊፎርኒያ ስም ሰየመው። በ1853 ደግሞ አሜሪካውያኑ ቤርድና ዢራር ባለ ቀለበቱን በሌላ ስም መዘገቡት፤ ከዚህም በኋላ ከ80 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ሁለቱ እንደ ልዩ ልዩ ዝርያ ሆነው ተቆጠሩ።

ይህን ስሕተት ያረመው በሙያው የሥነ ፍጥረት መምህር ያልነበረ ሰው ነው። ላውረንስ ክላውበር በ1883 በሳን ዲዬጎ ተወልዶ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምሮ፣ በከተማው የጋዝና የኤሌክትሪክ ኩባንያ እስከ ፕሬዚዳንትነት የደረሰ መሐንዲስ ሲሆን፣ በ1916 የተመሠረተው የሳን ዲዬጎ የአራዊት ማኖሪያ በ1920ዎቹ መጀመሪያ እባቦችን እንዲለይለት በለመነው ጊዜ የተቀበለውን አገልግሎት እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አልተወውም። ቀን ቀን የኩባንያውን ሥራ እየሠራ፣ ሌሊት በበረሃው መንገድ በመኪና ዝግ ብሎ እየሄደ በመብራቱ ፊት የሚያቋርጡትን እባቦች ይሰበስብ፣ የእያንዳንዱን ቅርፊት ይቈጥር፣ የቈጠረውንም በመዝገብ ያሰፍር ነበር። ባለ መስመሩና ባለ ቀለበቱ በአንድ ምድር ላይ ተቀላቅለው ሲኖሩ፣ በቅርፊታቸው ቍጥርም ሆነ በአካላቸው አሠራር ልዩነት ሳይኖር ቀለማቸው ብቻ መለያየቱ አሳሰበው፤ ነገር ግን በአልኮል በተሞላ ብልቃጥ ውስጥ የተቀመጠ በድን ስለ ወላጆቹ ምንም ሊመሰክር ስለማይችል፣ ነገሩን የሚያስረዳው ሕያው ምስክር ብቻ ነበር። ምስክሯም እንቁላል በማኅፀኗ ይዛ የተገኘች እናት ነበረች። እንዲህ ያሉ እናቶች በጥበቃ ሥር ሆነው እንቁላላቸውን ጥለው ሲፈለፈል፣ ከአንዲት እናት ባለ መስመርም ባለ ቀለበትም ልጆች ወጡ። ክላውበር ይህን በ1936 አሳተመ፤ በ1939 እና በ1944 ደግሞ ማስረጃውን እያበዛ ተመለሰበት። በ1956 ስለ ባለ ጸናጽሉ እባብ ያወጣው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ስሙን ይበልጥ አስጠርቶታል፤ እኔ ግን ለዚህ ለሁለቱ ወንድማማቾች ነገር የሰጠውን ትዕግሥት ከዚያ ታላቅ ሥራ አሳንሼ አላየውም።

በዚያ ዘመን በሰው እጅ የነበሩት እባቦች በአብዛኛው ከዱር የተያዙ ነበሩ። በሰው እጅ ማራባት እየተስፋፋ ሲሄድ ግን ልማዱ ራሱ የዕውቀት ምንጭ ሆነ፤ በ1962 ሐኪሙ በርን ቤክቴል የንጉሥ እባብ ዘመድ በሆነው በበቆሎ እባብ ላይ፣ አልቢኖነት (ጥቁር ቀለም የማጣት ነገር) በዘር እንዴት እንደሚተላለፍ በማራባት አረጋገጠ፤ በ1981 ደግሞ የኒው ዮርኩ ሊቅ ሪቻርድ ዝዋይፍል የመስመሩንና የቀለበቱን ውርስ መርምሮ አሳተመ።

የማራባቱ ጥበብ የተገነባው የአገሩን ወራት በቤት ውስጥ በመምሰል ነው። እባቡ ክረምቱን ከመሬት በታች በብርድ ተኝቶ የሚያሳልፍ በመሆኑ፣ አሳዳጊው አስቀድሞ ምግብ ከልክሎ ሆዱ ባዶ እስኪሆን ይጠብቃል፤ ያልተፈጨ ምግብ በብርድ ጊዜ በሆድ ውስጥ ይበሰብሳልና። ከዚያም ከ10 እስከ 15 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ያህል ውኃ ብቻ እያቀረበ ያኖረዋል። በጸደይ ሙቀቱ ሲመለስና እንስቲቱ ቆዳዋን ስትገፍ፣ ተባዕቱ ወደ እርሷ ይገባል፤ በዚህ ሰዓት ግን አሳዳጊው ዓይኑን አይነቅልም፤ እባብ በሊታ የሆነ ፍጥረት የትዳር ጓደኛውንም እንደ ምግብ ሊቈጥር ይችላል። እንቁላሎቹ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 ሲሆኑ፣ በረጠበ አልጋ ላይ ሳይገለበጡ በ28 ዲግሪ ገደማ ተቀምጠው ከሁለት ወር ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቹ ለየብቻ ተለይተው የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪገፉ ይጠበቃሉ፤ ከዚያም ገና ጠጕር ያላበቀለ የአይጥ ግልገል ይቀርብላቸዋል፤ እምቢ ያለውን የእንሽላሊት ሽታ በአይጡ ላይ አሳርፎ ማባበል የአሳዳጊዎች የታወቀ ዘዴ ነው።

ከዚህ ድካም የተገኘው ፍሬ ብዙ ሆነ። በጥበቃ የተፈለፈለው ጫጩት ከዱር ከተያዘው ይልቅ ጤነኛና ገራም ስለሆነ፣ አልቢኖው ነጩም፣ ባለ መስመሩም፣ ባለ ቀለበቱም ውቅያኖስ ተሻግሮ ወደ አውሮፓ ቤቶች ገባ። ይህ ለዱሩ እረፍት መስጠቱን አልክድም፤ ነገር ግን በቀላሉ የተገኘ ሕያው ፍጡር በቀላሉ የሚጣልም መሆኑ ያሳዝነኛል።

ግራን ካናሪያ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለች የእስፓንያ ደሴት ናት። በምድሯ ላይ ከጥንት ጀምሮ እባብ ስላልነበረ፣ በሌላ አገር የማይገኘው ታላቁ እንሽላሊቷ እባብን መሸሽ አልተማረም። በ1998 ከአሳዳጊ ያመለጠ ወይም የተለቀቀ የካሊፎርኒያ ንጉሥ እባብ በዱሯ ታየ፤ ከዚያ በኋላ ነጩና ባለ መስመሩ ሳይቀር በዚያ ተራባ፤ ክላውበር በሳን ዲዬጎ ከአንዲት እናት መወለዳቸውን ያረጋገጠላቸው ሁለቱ መልኮች፣ ባለ መስመሩና ባለ ቀለበቱ፣ በባዕድ ደሴት ላይ ጎን ለጎን ተገኙ። በ2021 የታተመ ጥናት እባቡ በሰፈረበት ስፍራ የታላቁ እንሽላሊት ቍጥር ከ90 በመቶ በላይ መቀነሱን ገለጸ። እንሽላሊቱ ፍሬ በልቶ ዘሩን በየስፍራው የሚበትን ስለሆነ ጉዳቱ ለእንሽላሊቱ ብቻ አይደለም፤ ለቍጥቋጦውም ትውልድ ነው።

ከ2011 እስከ 2015 የአውሮፓ ኅብረት በገንዘብ የረዳው ዘመቻ ተካሄደ፤ ከዚያም ወዲህ ሥራው ቀጥሎ በሺህ የሚቈጠሩ እባቦች ተይዘዋል፤ ነዋሪውም ያየውን እንዲያመለክት ተጠይቋል። ነገር ግን ይህ እባብ አብዛኛውን ዕድሜውን ከመሬት በታች የሚያሳልፍና ከጉድጓዱ በብዛት የሚወጣው በጸደይ ወራት በመሆኑ፣ ወጥመድ እምብዛም አይይዘውም፤ አብዛኛው የሚያዘው ድንጋይ እያገላበጠ በሚሄድ ሰው እጅ ነው።