ሰርጓጁና የመርከበኛው ሆድ

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጻፉ መጻሕፍት የሰርጓጅ መርከብን ነገር ሲያነሡ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚተርኩልን ስለ ቶርፔዶው፣ ስለ አዛዡ ጀግንነትና ስለ ሰጠሙት መርከቦች ብዛት ነው። የመርከበኛው ሆድ ግን ተረስቷል። ለመሆኑ ከባሕር በታች ያለን ሰው ማዕበል ያጥወለውለዋልን?

መቸም ብዙዎቻችን «እንዴት ተደርጎ! ማዕበሉ ላይ፣ ሰውየው ታች» ማለታችን አይቀርም። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። የሞገድ ንቅናቄ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ቶሎ ይደክማል። ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ሚቀጥለው ያለው ርቀት 100 ሜትር ቢሆን፣ 50 ሜትር ጠልቆ የሚሄድ መርከብ ንቅናቄው እምብዛም አይሰማውም። ጥያቄው ግን እነዚያ መርከቦች ምን ያህል ጊዜ ይጠልቁ ነበር? የሚለው ነው።

ስሙ የሚያሳስተን እዚህ ላይ ነው። ጀርመኖች 700 ያህል የሠሩት «ዓይነት 7» የተባለው ሰርጓጅ ርዝመቱ 67 ሜትር ገደማ፣ ወርዱ ከ6 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ ከ40 በላይ ሰው ይታጨቅበታል። ውኃ ላይ በናፍጣ ሞተር፣ ውኃ ውስጥ በባትሪ ይሄዳል። በባትሪው በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ቢያዘግም፣ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ባትሪውን ለመሙላት መውጣት ግድ ይለዋል። እንግዲህ ይህ ሲያስፈልገው ብቻ የሚሰርግ የውኃ ላይ ጀልባ ነው እንጂ ሰርጓጅ አይደለም።

ያም ጀልባ በሰሜን አትላንቲክ ክረምት እንደ በርሜል ይንከባለል ነበር። ላይ ዘብ የቆሙት ማዕበል እንዳይጠርጋቸው በቀበቶ ይታሰራሉ። ታች ያሉት ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። ሎሚ እያሸተተ በአውቶቡስ የዓባይን በረሃ የወረደ ሁሉ ማቅለሽለሽን ያውቃል፤ በመስኮት አሻግሮ ማየት እንደሚያሻለውም ያውቃል። ምክንያቱም ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሯችን «እየተናወጥን ነው» ሲል፣ ዓይን ደግሞ ያንኑ ሲመሰክር ጠቡ ይበርዳል። ሰርጓጁ ግን መስኮት የለውም። ዓይን የሚያየው ከሰውየው ጋር አብሮ የሚወዛወዝ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው። በዚህ ላይ የናፍጣ ሽታ አለ። ካሉት ሁለት መጸዳጃ ቤቶች አንዱ በጉዞው መጀመሪያ ብዙውን ጊዜ የስንቅ ማከማቻ ነበር፤ የቀረው ባልዲ ነው።

አንዳንድ አዛዦች ማዕበሉ ሲበረታ፣ ሰዎቻቸው እህል እንዲቀምሱና እንዲተኙ ብለው ጀልባውን ያጠልቁት ነበር። ጸጥታው ግን በባትሪ የሚሰፈር ጸጥታ ነው፤ ሲያልቅ ወደ ላይ፣ ወደ ማዕበሉ።

እ.ኤ.አ. በ1944 ሽኖርክል የተባለው የአየር መሳቢያ ቱቦ ተስፋፋ። ጀልባው ከውኃ በታች ሆኖ በናፍጣ እንዲሄድ አስቻለው። ሞገድ የቱቦውን አፍ ሲሸፍን ግን መዝጊያው ይከደናል፤ ሞተሩም አየሩን ከጀልባው ውስጥ ይስባል። ያን ጊዜ የሰዉ ጆሮ በሕመም ይወጠራል። ከአውሮፕላን መሸሸጊያው ተገኘ፤ ዋጋው ወደ ጆሮ ተላለፈ።

የማያቋርጥ ጸጥታ የመጣው ለሞተሩ አየር ከማያስፈልገው ከኒውክሌር ኃይል ጋር ነው። የአሜሪካው «ናውቲለስ» በጥር 1955 በዚህ ኃይል ተንቀሳቀሰ፤ ነሐሴ 3 ቀን 1958 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) 116 ሰው ይዞ ከሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር አለፈ። ዛሬም ቢሆን እንዲህ ያለው መርከብ ወደ ላይ ሲወጣ ክብ ሆዱ መንከባለሉን አልተወም።

ልብ እንበል፤ ለሰው ሆድ ታዝኖ የተሠራ ሞተር አልነበረም። የተፈለገው መሸሸግና ሩቅ መሄድ ነው፤ ዕረፍቱ እግረ መንገዱን መጣ። በጀርመን ሰርጓጆች ከተሰለፉት 40 ሺህ ያህል ሰዎች 30 ሺህ የሚሆኑት አልተመለሱም። ብዙዎቹ የኛ እኩዮች ነበሩ። የተዋጉለት ሥርዓት ክፉ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ባልዲ ታቅፎ ያደረውን የ20 ዓመት ልጅ የማያውቅ ታሪክ፣ ጦርነትን ከአዛዡ ፔሪስኮፕ ብቻ ያየ ታሪክ ነው። መጽሐፍ ስንገልጥ «ታች የነበሩትስ?» እያልን እንጠይቅ። ሆድ ይፍጀው ተብሎ የተተወው ነገር፣ እነሱን ሆዳቸው እንኳ አልያዘላቸውም።