ስለ ቍርጥማት ምክንያት

ዐጥንትንና መገጣጠሚያን ለረዥም ዘመን የሚያሠቃየውን ሕማም አባቶች ቍርጥማት አሉት፤ ስሙ የሥቃዩን ጠባይ ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይገልጥም። ስለ ምክንያቱ ግን ብዙ ሰው «ብርድ ዐጥንቴ ገባ» ይላል። የጥንት ግሪኮች ደግሞ ከራስ ወርዶ በአካል የሚፈስ እርጥበት ነው ብለው አሰቡ፤ ሩማቲዝም የሚባለውም ስም መፍሰስ ከሚለው ቃላቸው ወጣ።

እንጦጦ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ብርዳም ተራራ ነውና፥ የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሰዎች ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በዚያ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። ሙቁ ውሃ ሕማሙን ስለሚያስታግሥ የብርድ ጥፋት የተረጋገጠ መሰለ። ነገር ግን ሥቃይን ያስታገሠ ሁሉ የሥቃይን ምንጭ አያስረዳም።

በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1848 እንግሊዛዊው ሐኪም አልፍሬድ ጋሮድ ሪህ በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ በዝቶ አገኘ። ይህ የአንዱ ዐይነት ምክንያት ነው፤ ሌላው ከመገጣጠሚያ ማለቅ ይመጣል፤ ሌላውም ጕዳቱ ከዳነ በኋላ እንኳ በነርቭ ጸንቶ ይቀራል።

እንግዲህ ብርድን ብቻ የሚፈራ ሽማግሌ፥ በልኩ መራመድ ሲረዳው፥ ጋቢ ተከናንቦ ከምድጃ ዳር ሳይንቀሳቀስ ቢውል ጕልበቱ ይብሱን ይደርቃል። በምክንያት መሳሳት በቃል ብቻ አይቀርም፤ እስከ ሥጋ ይደርሳል።