ሠረገላው፣ አውሮፕላኑና የእህል መኪናው

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ሰሞኑን አዲስ አበባ የሚኖር አንድ አብሮ አደጌ ቴዎድሮስ አደባባይ ካለው የሴባስቶፖል ምስል ፊት ፎቶ ተነስቶ ላከልኝ። ከሥሩ «ያገርህን ልጅ አገኘሁት» ብሎ ጽፎበታል። ሳቅሁ። ውሸቱን አይደለም፤ ሴባስቶፖል የተወለደው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው። እኛ እብናቶች ደግሞ ደብረ ታቦርን እንደ ራሳችን ቤት ነው የምናያት።

ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ። መድፉን ማን እንዳሠራው ሁላችንም እናውቃለን። እነማን እንዳቀለጡትም መጻሕፍት ይነግሩናል። ማን ጎተተው?

ይህን ጥያቄ ይዤ ስለ እኛ ደጋ የማሽን ታሪክ ሳስብ ሦስት ነገሮች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። አንድ ሠረገላ፣ አንድ አውሮፕላን፣ አንድ የእህል መኪና። (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ሠረገላው

አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ነበር። እነ ዋልድማየርና ሳልሙለር ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ንጉሡ ግን ከአፋቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። የፖላንዱ ተወላጅ ሞሪትዝ ሆልም አብሯቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ቆይቶ ትንንሹ ተሳካ፤ በመጨረሻ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ።

እሺ፣ መድፉ ተሠራ። ግን ጋፋት ላይ የተቀመጠ መድፍ ምን ያደርጋል? ንጉሡ መቅደላ መድረስ አለባቸው። እንግሊዞች በባሕር እየመጡ ነው፤ አገሩ ደግሞ ከእጃቸው እየወጣ ነው። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሱ። በጨጨሆ፣ በዘቢጥ፣ በዋድላ፣ በደላንታ አድርገው፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆ ወርደውና ወጥተው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ዛሬ ከደብረ ታቦር ደላንታ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው። ለሳቸው ግማሽ ዓመት ፈጀባቸው።

ለምን? መንገድ ስላልነበረ። መንገዱን እየሠሩ ነበር የሚሄዱት። ዐለት እየፈነቀሉ፣ ገደሉን እየደለደሉ፣ ትናንት በጠረጉት ላይ ዛሬ እየጎተቱ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ እንደነበር ያዩዋቸው ጽፈዋል። በኋላ የመጡት እንግሊዞችም በሠራው ሥራ ተደንቀዋል። ሴባስቶፖልን ዳገት ለማውጣት ብቻ 500 ሰው ያህል በጠፍር ይጎትት ነበር።

አምስት መቶ ሰው! በሉ አስቡት። የጎተተው ገበሬና ወታደር ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ንጉሡ ጎንደርን ዘርፈው አቃጥለዋል፤ የበጌምድር ሰው ከብቱንና እህሉን አጥቷል። ስለ ቴዎድሮስ ጀግንነት ስንጽፍ ይህንንም መርሳት የለብንም። ያ ሰው ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ ቤቱ ተቃጥሎ 70 ኩንታል ብረት ጎትቷል።

ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሞቱ። ሴባስቶፖልም እዚያው መቅደላ አናት ላይ ቀረ፤ ዛሬም እዚያው ነው። ዋልድማየር የሕይወት ታሪኩን ጻፈ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ማርካምም መጽሐፍ ጻፈ። ከ500ዎቹ ግን የአንዱን ስም ንገሩኝ ብትሉኝ አላውቅም።

2. አውሮፕላኑ

አሁን 62 ዓመት ወደፊት እንለፍ። ቦታው ግን ሩቅ አይደለም፤ ያው የዘቢጥ አካባቢ ነው።

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ የሚባል የፈረንሳይ ሥሪት ነበር፤ ያበረረውም ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነው። አዲስ አበቤ ወጥቶ በእልልታ ተቀበለው።

እኛ ዘንድ የመጣው ስምንት ወር ሳይሞላው ነው። ለእልልታ ግን አልነበረም።

ራስ ጉግሣ ወሌ የበጌምድር ገዢ ሆነው ደብረ ታቦር ተቀምጠው ነበር። የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸው። ከንጉሥ ተፈሪ ጋር የነበረው ነገር ከረረና ጦር መዘዙ። የመሐል አገሩ ጦር በደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ እየተመራ መጣ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ሜዳ ላይ ተገናኙ።

ከጦርነቱ በፊት አውሮፕላኑ በሠራዊቱ ላይ እየዞረ ወረቀት በተነ። ወረቀቱ ጉግሣን የተከተለ የተወገዘ ነው የሚል ነበር። በኋላ ደግሞ ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ እዚያው ወደቁ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24፣ ንግሥት ዘውዲቱም አረፉ።

እስቲ ከሜዳው ላይ ሆናችሁ እዩት። አንድ የፋርጣ ወይም የጋይንት ገበሬ ጌታውን ተከትሎ ዘምቷል። ማሽን የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። መጀመሪያ ያየው ማሽን ከሰማይ መጣ፤ መጀመሪያ ነፍሱን አወገዘበት፣ ቀጥሎ ሥጋውን መታው። የአብራሪውን ስም እናውቃለን። ከሥር የነበሩትን አናውቅም።

3. የእህል መኪናው

በ1964 ዓ.ም. ጃንሆይ ቻይና ሄደው ተመለሱ። ከዚያ ግንኙነት ለኛ የደረሰን የወልድያ–ወረታ መንገድ ነው። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ በኋላ በደርግ ዘመን ነው የተሠራው። ያገራችን ሰው እስካሁን «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫ፣ በጨጨሆ፣ በዘቢጥ ነው የሚያልፈው። ወዳጆቼ፣ ሴባስቶፖል በጠፍር የተጎተተበት ያ ጀርባ ዘመናዊ መንገድ ያገኘው ከ110 ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው። እብናት ደግሞ ከዚያም መንገድ ገባ ያለች ናት፤ ከአዲስ ዘመን ነው የሚገባባት።

ከዚያ 77 መጣ።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የኮረምን ረሃብ ለዓለም አሳየ። ዓለምም እህል ላከ። የእንግሊዝ ሄርኩለሶች መጡ። ሶቪየቶች 12 አንቶኖቭ፣ 24 ሄሊኮፕተርና 300 የጭነት መኪና ላኩ። ፎቶው ሁሉ የአውሮፕላን ነው። ግን ሒሳቡን እንሥራው፦ አንድ ሄርኩለስ በአንድ ምልልስ የሚያነሳው አንድ ባለ ተሳቢ መኪና ከሚጭነው አይበልጥም፤ ቢበዛ 20 ቶን ነው። 100,000 ቶን እህል ለማድረስ 5,000 ምልልስ ይጠይቃል። አሰብ ወደብ ላይ እህሉ ተራራ ሆኖ የተከመረው መኪና ጠፍቶ ነው። ከአሰብ አዲስ አበባ ብቻ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እብናት ደግሞ ከዚያም ወዲያ ሩቅ ናት።

እብናት ያን ጊዜ ትልቅ የመጠለያ ጣቢያ ነበረች። ከወሎም ከበለሳም ሰው በእግሩ እየመጣ ሰፈረባት። ለ36,000 ሰው በነፍስ ወከፍ በቀን ግማሽ ኪሎ ብትሰጥ 180 ኩንታል ነው። በየቀኑ አንድ ሙሉ ባለ ተሳቢ መኪና። አንድ ቀን ጎማ ፈንድቶ ቢቀር፣ አንድ ቀን ጭቃ ቢይዘው፣ ያ ሁሉ ሰው ጦሙን ያድራል።

ይህን ሒሳብ ያስተማሩኝ መጽሐፍ አይደለም። እብናት መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት የማይጠፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

«አያ፣ በ77 እርስዎ የት ነበሩ?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«እመኪና ላይ ነዋ!» አሉኝ።

የኤንትሬ ረዳት ነበሩ። ረዳት ማለት ምን እንደሆነ የዛሬ ልጅ ያውቅ እንደሆነ እንጃ። ሸራ የሚያስረው እሱ ነው፣ ጎማ የሚፈታው እሱ ነው፣ ሌሊት ከመኪናው ሥር ተኝቶ እህሉን የሚጠብቀው እሱ ነው። ዳገት ላይ ፍሬን ሲከዳ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ኋላ ታኮ የሚያስገባውም እሱ ነው። መኪናው ወደ ኋላ ከተንሸራተተ የሚደፈጠጠውም ያው እሱ ነው።

«ዳገት ላይ ሁልጊዜ በሩን ከፍቼ፣ ታኮውን ታቅፌ ነው የምሄድ። አንድ እግሬ እውጭ ነው» አሉኝ።

ይህን ሲሉኝ ነው ሴባስቶፖል ትዝ ያለኝ። ያ ሠረገላ ዳገት ላይ ሲንሸራተት ከኋላ ድንጋይ ይዞ የሚሮጥ አንድ ሰው መኖሩ አይቀርም። በመካከላቸው ከመቶ ዓመት በላይ አለ፤ ሥራው ግን ያው ነው። ልዩነቱ የሽማግሌው መኪና የጫነችው እህል መሆኑ ነው። ከሦስቱ ማሽኖች ልትገድል ያልመጣችው እሷ ብቻ ናት። የዘገየችውም እሷ ናት።

ያችም ብትሆን ለእህል ብቻ አልነበረችም። በዚያው ዓመት መኪኖቹና አንቶኖቮቹ ሰው ለሰፈራ ያመላልሱ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 600,000 ሰው ከሰሜን ተነስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ ተወስዷል፤ ብዙው ሳይወድ።

ሚያዝያ 1977 ላይ ደግሞ የእብናት ጣቢያ ተበተነ። በወቅቱ በወጡት ዘገባዎች ከ36,000 በላይ ሰው በወታደር ተገድዶ «ወደ አገራችሁ ግቡ» ተባለ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። ጉዳዩ በዓለም ላይ ሲወራ መንግሥት ጥፋቱን በአካባቢው ባለሥልጣናት ላይ አላከከ። ሰዉ ግን ሄዷል። በምን? በእግሩ።

«ያን ለታ እርስዎ እዚህ ነበሩ?» አልኋቸው።

ዝም አሉ። ሻያቸውን አማሰሉ።

«አራግፈን ስንመለስ መንገዱ በሰው ሞልቷል። ልጅ ያዘለ አለ፣ አሮጊት አለች። ሹፌሩ ጡሩምባ እያሰማ ቀስ ብሎ በመካከላቸው ነዳ። መኪናችን ባዶ ነበር ልጄ። ባዶ! ሰው እያየን አለፍን። የምንሄደው ወደ አዲስ ዘመን፣ እነሱ የሚሄዱት ወደ ወሎ ነው፤ ብንጭናቸውስ የት እናደርሳቸዋለን እያልሁ ራሴን እሸነግላለሁ። ግን ባዶ ነበርን።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አላወሩም። የሹፌሩን ስም ነግረውኝ ነበር። የትውልድ ቦታውንም ነግረውኛል። እኔ ግን አልጻፍሁትም። ስልኬን አውጥቼ በአንድ ደቂቃ ልይዘው የምችለውን ነገር «በሌላ ጊዜ መጥቼ በደንብ እቀዳዎታለሁ» ብዬ ተነሳሁ። በሚቀጥለው ዓመት ስመጣ ሽማግሌው የሉም፤ አርፈዋል። የሹፌሩን ስም ይዘውት ሄዱ።

ስለዚህ ቅድም «ዋልድማየር ጻፈ፣ ማርካም ጻፈ፣ ስለ ጎታቾቹ የጻፈ የለም» ብዬ የተማረርሁት ነገር ወደ ራሴ ነው የሚመለሰው። በ1860 የነበረው ገበሬ መጻፍ አይችል ይሆናል። እኔ ግን እችል ነበር።

ዛሬ እብናት ባጃጅ አለ፣ አይሱዙ አለ፣ መንገድ ሲከፈት ሚኒባስ አለ። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ አሁንም ወላድ በቃሬዛ ነው የምትወጣው። ያን ቃሬዛ የሚሸከሙትም ስማቸው አይጻፍም።

እባካችሁ ወዳጆቼ፣ በተለይ የእብናት፣ የአዲስ ዘመን፣ የጋይንትና የፋርጣ ልጆች፦ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ በ77 እህል ያመላለሰ፣ ኩንታል ያወረደ፣ በቻይና መንገድ ሥራ ላይ አካፋ የያዘ ወይም ግሬደር ያንቀሳቀሰ ከሆነ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቁት። በሕይወት ከሌለ እናታችሁን ጠይቁ። ፈቃዳቸው ከሆነ ስማቸውን፣ የሠሩበትን ዓመትና ቦታ እታች ጻፉልኝ። እኔ እየሰበሰብሁ በደብተር እይዛለሁ።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከላይ «የኤንትሬ ረዳት፣ እብናት፣ 1977» ብዬ የሽማግሌውን ስም አስቀምጫለሁ። ከሥሩ «ሹፌር» ብዬ ጽፌ መስመሩን ባዶ ትቼዋለሁ። የምታውቁት ካላችሁ ሙሉልኝ።