ብረት ሳይቀላም ይናገራል

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ከጋፋት ልነሳና ወፍጮ ቤታችን ላይ ልጨርስ።

እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ በ1850ዎቹ ዓ.ም የአፄ ቴዎድሮስ ባለሙያዎች ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ሠሩ። ይህን ሳስተምር ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው አንድ ነገር አለ፤ በዚያ ዘመን ብረት አቅላጭ የእሳቱን ልክ በምን ያውቅ ነበር? ባብዛኛው በዓይኑ ነው። ቀላ፣ ብርቱካን መሰለ፣ ነጣ እያለ ይለየዋል።

ችግሩ፣ ብረት ለዓይን የሚቀላው ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ መሆኑ ነው። ከዚያ በታች ምንም ቢሞቅ ጥቁር ብረት ነው የሚመስለን።

ይህን ምስጢር የፈታው ዊልያም ኸርሼል ነው። በ1800 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ከቀዩ ቀለም አልፎ፣ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ያስቀመጠው ቴርሞሜትር ከሁሉም በለጠ። ዛሬ ታህተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ የምንለው ጨረር ይኸው ነው። የሞቀ ነገር ሁሉ ይረጨዋል፤ ዓይናችን ግን አያየውም።

በ1965 እ.ኤ.አ. አጋ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ይህን ጨረር ወደ ምስል የሚቀይር ካሜራ ለገበያ አቀረበ። የመጀመሪያ ሥራው የከፍተኛ ኃይል ኤሌክትሪክ መስመር መፈተሽ ነበር፤ የላላ ማያያዣ ከጓደኞቹ ይልቅ ስለሚሞቅ ከሩቅ ይጋለጣል። ያኔ ካሜራው የሚሠራው በፈሳሽ ናይትሮጅን እየቀዘቀዘ ነው። አሁን በእጅ ይያዛል።

እኛስ? በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ ግንባራችን ላይ ትደገን የነበረችውን መሣሪያ አስታወሳችሁ? የሷም ሥራ ይህንኑ ጨረር መለካት ነው። ለማሽን ግን እሷ አትሆንም፤ የተሠራችው ለሰው ገላ ሙቀት ብቻ ነው። ለፋብሪካ ሥራ የተሠራ ሌላ አለ።

አሁን ወፍጮ ቤት እንግባ። ኩሽኔታ ግራሶ ሲያጣ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ይጮኻል፣ በመጨረሻ ይሰበራል። ብዙ ባለወፍጮ የሚሰማው ሲጮኽ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በእጁ እየዳሰሰ ያውቃል፤ በሚዞር ችንጋ አጠገብ እጅ መስደድ ግን ጣት ያስከፍላል። ወፍጮው ሲቆም እናቶቻችን እህሉን ተሸክመው ሌላ ቀበሌ ይሄዳሉ።

መሣሪያው ያላችሁ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ የሚያብረቀርቅ ብረት ይዋሻል፤ የራሱን ሳይሆን ያካባቢውን ሙቀት መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ቀዝቃዛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ማሽኑ ቆሞ ሳለ የምትለኩበትን ቦታ ጥቁር ቀለም ቀቡት። ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ብቻ አትመኑ፤ አወዳድሩ። አንድ ዘንግ ላይ ካሉ፣ እኩል ከሚሠሩ ሁለት ኩሽኔታዎች አንዱ በጣም ከበለጠ፣ ሳይጮኽ በፊት አቁማችሁ እዩት።

መሣሪያውን አንድ ሰው ባይችል፣ የአንድ ከተማ ባለወፍጮዎች ተዋጥተው አንድ ቢገዙስ? እስኪ ባለወፍጮ ዘመድ ያላችሁ አድርሱልኝ፤ ሐሳባችሁንም ከታች ጻፉልኝ።