የወንጂ ስኳርና የሠራተኛው ወገብ

ወንጂ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ስኳር፣ አይደል? በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ፋብሪካውን ከፈተ፤ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ብዙ ሰው ለአገዳው ሥራ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወረደ። የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ግን ፍሎራይድ የበዛበት ነበር፤ አንዳንዱ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 1.5 ነው።

ፍሎራይድ ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል። ለዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ተከማችቶ ጅማትን ያደርቃል፣ አከርካሪን ያገትራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች ጎብጠው የቀሩ የረጅም ጊዜ ሠራተኞችን መዝግበዋል። አንዴ የደረቀ አከርካሪ አይመለስም፤ መፍትሔው ቀድሞ ውሃውን ማጣራት ወይም መቀየር ነው።

እኛ ያን ስኳር በሻይ እያማሰልን አድገናል። የወንጂን ታሪክ በኩንታል ብቻ ከቆጠርን፣ የተሸከሙትን ወገቦች ከታሪኩ ሰርዘናል ማለት ነው።